አርባ ሸክላ፣ አንድም ያልተሰነጠቀ

ሰው የሚሸጠው ነገር አጥቶ አያውቅም፤ የሚያጣው ገዢውን ነው። ገዢውም እንዲሁ አንድ ቦታ ተቀምጦ «እንዲህ ያለ ነገር ከየት በተገኘ» እያለ ይቆዝማል። ሁለቱ አንድ ከተማ ውስጥ ኖረው፣ በአንድ መንገድ ተመላልሰው፣ ሳይገናኙ ያረጃሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ከቤት ስለማያስወጣ፣ እኛ ዘንድ ማሰብ እንደ ሌላው አገር የሊቃውንት ሥራ አይደለም፤ ጋቢ ያለው ሁሉ ያስባል።

ድሮ ይህን ችግር የሚፈታልን ደላላ ነበር። ደላላ ስሙ ይጥፋ እንጂ ዐዋቂ ሰው ነው። የማን በሬ እንዳረጀ፣ ማን ቤቱን ሊሸጥ አስቦ ሚስቱን እንደፈራ፣ ማን በቅሎ አምሮት በአህያ እንደሚሄድ፣ ሁሉን በሆዱ ይዞ ይዞራል። ለእያንዳንዱም የሚያወራው ሌላ ነው። ለገበሬው ስለ በሬው ጫንቃ፣ ለቄሱ ስለ በሬው ጠባይ ይነግራል። በሬው ግን አንድ ነው። እንግዲህ ዛሬ ልጆቹ የባዕድ ስም አውጥተውለት የሚኮሩበት ጥበብ፣ ማስታወቂያን ለአገር ሁሉ ከመጮህ ለሚፈልገው ሰው ብቻ ማንሾካሾክ የሚባለው ነገር፣ የደላላ ልጅ ነው። ልዩነቱ፣ ደላላ ሲዋሽ ዓይኑን ታዩት ነበር።

ይህን የምላችሁ ከሩቅ ሰምቼ አይደለም፤ ሥራዬ ነው። ሰው ጋሽ ታደሰ ይለኛል፤ መነኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። በዚህ ከተማ «ጉዳዩ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ከሥሩ ተሰምሮበት ያያችሁት ሐዘን ሁሉ በእኔ እጅ አልፏል ብል ማጋነን አይሆንም። ኋላ ግን ቢሮዎቹ የታተመ ቅጽ ማደል ጀመሩ፤ ቅጽ ደግሞ ሐዘን አይፈልግም፣ ባዶውን ቦታ ሙላ ነው የሚለው። እኔም የእንጀራ ነገር ሆነና ማስታወቂያ ጸሐፊ ሆንኩ። ሰው የሚሸጠውን ይዞ ይመጣል፤ አሳምሬ እጽፍለታለሁ፤ ከዚያ በማኅበራዊ ሚዲያ አድርጌ ወደሚመለከተው ሰው ስልክ እሰደዋለሁ።

የሚመለከተው ሰው! በማመልከቻው ዘመን ስንት ጊዜ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ጽፌአለሁ መሰላችሁ። የሚመለከተው ማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ዐውቄ አላውቅም። አሁን የሚያውቅልኝ አንድ የቃል መፈለጊያ አለ። አንድ ቃል ትጽፉለታላችሁ፤ እሱ ያንን ነገር የሚወዱትን፣ የሚከታተሉትን፣ ስሙን ሲያዩ ጣታቸው የማያልፈውን ሰዎች በየወገናቸው ዘርዝሮ ያቀርብላችኋል። «በግ» ብትሉት፣ በግ የሚያረቡ፣ በግ የሚበሉ፣ የበግ ጠጉር የሚለብሱ፣ በሰፊው ዓለም ደግሞ በግን በሥዕል ብቻ የሚወዱ እያለ ይቀጥላል። ብዛታቸውን፣ ዕድሜአቸውን፣ ወንድ ይብዛ ሴት፣ ሁሉንም ይነግራችኋል። እናንተ የምትፈልጉት ወገን ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ በቃ። አማርኛ የተማረው በቅርቡ ነው። አማርኛ በቅርቡ እንደተማረ ሰው ሁሉ ታዲያ ሲናገር አያመነታም።

እኔም አምኜው ነበር። የአንድ የደነባ ነጋዴ ምስር በዚሁ መሣሪያ በሁለት ቀን ተነሥቶለት፣ ሰውየው በየሄደበት ስሜን ጠራ። ከዚያ ወዲህ አንገቴን ትንሽ ቀና አድርጌ መሄድ ጀምሬ ነበር። ነገሬ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንገቴ ቀና ያለ ሰሞን ነው።

አስካለ ሸክላ ሠሪ ናት። ቤቷ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ጎረቤላ ለመድረስ ትንሽ ሲቀር፣ ከመንገዱ በታች ባለች ሰፈር ነው። ድስት ብትሉ፣ ማሰሮ ብትሉ፣ ገንቦ ብትሉ፣ የእሷ እጅ ያረፈበት ሁሉ ስስና ብርቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ ይዛ ትወጣለች፤ እኛም ቤት ያለው ድስት የእሷ ነው። ባሏ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ሞቷል። በሕይወቷ ያስፈለጋትን ማመልከቻ ሁሉ የጻፍኩላት እኔ ነኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም፤ እሷ ግን «እርስዎ» ትለኛለች፣ እኔ «አንቺ» እላታለሁ። ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ያኔ እኔም ራሴን አልጠየቅሁትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያልተሸጠ ማሰሮ በጀርባዋ እንዳዘለች ሱቄ ገባች። ፊቷ ጠቁሯል። አንድ ሆቴል አርባ የሽሮ ድስት አዝዟት ነበር። አርባውንም ሠርታ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ስትጨርስ ሐሳባቸውን ቀይረው ጠበቋት።

«የብረት ገዝተናል አሉኝ» አለች። «ብረት አይሰበርም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አይሰበርም። ሽሮው ግን ብረት ብረት ይላል።»

«ታዲያ ምን አሰብሽ?»

«አርባ ድስት በቅዳሜ ገበያ አያልቅም፤ በሳምንት ሦስት ወይ አራት ብሸጥ ነው። እኔ ደክሞኛል ጋሽ ታደሰ። እነዚህ ካልተነሡልኝ ጭቃውን ትቼ ፋብሪካ ጽዳት እገባለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ጭቃ መርገጥ ጉልበት ይፈልጋል። ጉልበት የሚመጣው ደግሞ ፈላጊ ሲኖር ነው።»

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ስትል ድምፅዋ ዝቅ አለ። ሰው እንዲህ ሲላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ «ለእኔ ተይው» አልኳት። «ፈላጊ ማግኘት የእኔ ሥራ ነው።»

እሷ ከወጣች በኋላ መፈለጊያዬ ላይ «ሸክላ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ዘረዘረልኝ። አንደኛው ወገን «ሸክላ ጥብስ» ነበር። ይሄን ዘለልኩት፤ የሸክላ ጥብስ ወዳጅ ዓይኑ ከሥጋው ወርዶ ከታች ያለውን ሸክላ አይቶ አያውቅም። ሁለተኛው «ሸክላ» ብቻ ይላል፤ ሦስተኛው «የሸክላ ስብስብ»፤ አራተኛው «የጥንት ሸክላ»። ሕዝቡ ብዛቱ! ለካስ አገራችን እንዲህ ሸክላ ወዳድ ናት ብዬ ልቤ ሞላ። አንድ ነገር ብቻ ትንሽ ገረመኝ። ከነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ዕድሜአቸውም ከሃምሳ በላይ ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው ወንድ ድስት ምን ያደርግለታል? ትንሽ አሰብኩና ሚስቶቻቸው ልከዋቸው ይሆናል አልኩ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው ላለማየት ከቆረጠ ምክንያት አያጣም።

ማስታወቂያውንም ጻፍኩት። ድስቶቹ ሰፈሯ ስለነበሩ ፎቶ አልነበረኝም። የአንኮበርን ተራራ ጭጋግ ተከናንቦ ያነሣሁት ነበረኝና እሱን ለጠፍኩ። «ድስት» የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ተውኩት፤ የጓዳ የጓዳ ይሸታል፣ «ሸክላ» ሲባል ግን ግርማ አለው ብዬ። እንዲህ ነበር የሚለው፦ «ከጥንቷ አንኮበር። አርባ ምርጥ ሸክላዎች፣ አንድም ያልተሰነጠቀ። ቀድሞ የደረሰ ይመርጣል።» ከሥሩ የአስካለን ስልክ አደረግሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አስካለ ሱቄ ቁጭ ብላ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ገበያው ስለሚንጫጫ ድምፁን ወደ ውጭ አደረገችው፤ እኔም የአንድ ሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረግሁ ሰማኋቸው።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ፤ ሸክላዎቹ አሉ?» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

«አሉ ጌታዬ፣ አርባውም።»

«አርባውም! ሌላ ሰው አላያቸውም?»

«ማን ያያቸዋል! ቤት ውስጥ ሣር ላይ ደርድሬአቸዋለሁ።»

«ሣር ላይ?» አለ ሰውየው ደንግጦ። «እባክዎን ሙቀት እንዳያገኛቸው።»

«ኧረ እሳትም አግኝቷቸዋል፤ ምንም አልሆኑ።»

«ቃጠሎ ነበር እንዴ?»

«ካልተቃጠሉማ ምኑን ሸክላ ሆኑት!»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። «የማን የማን ናቸው?»

«የኔው ናቸው፤ የማን ይሆናሉ!»

«ይሁን፣ ስመጣ አያለሁ። ትልልቆቹ ናቸው ትንንሾቹ?»

«ከሁለቱም አሉ።»

«ጭረትስ አላቸው?»

«አንገታቸው ላይ ትንሽ ትንሽ ጭሬአቸዋለሁ፤ ለጌጥ።»

ሰውየው፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ቀስ ብሎ «ድምፃቸውስ?» አለ።

አስካለ ይሄን ጊዜ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። ሸክላ የሚያውቅ ሰው ሸክላን በዓይኑ አይገዛም፤ በጣቱ ያንኳኳና ያዳምጠዋል። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው። ገበያተኛው ግን ይሄን ከረሳው ቆይቷል። እሷን የድስቷን ድምፅ የጠየቃት ሰው ከባሏ ሞት ወዲህ አልነበረም።

«ድምፃቸውማ!» አለች። «በጣትዎ ጫፍ ነካ ሲያደርጓቸው እንደ ደወል ነው የሚሉት። አንዱንም ሳልሰማው አላስቀመጥኩም።»

«ማክሰኞ እመጣለሁ» አለ ሰውየው። «በልጆችዎ ይሁንብዎ፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ።»

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ስትዞር ዓይኗ ውሃ አቅርሯል። «እንዲህ ያለ ዐዋቂ ገዢ አጋጥሞኝ አያውቅም» አለች። «ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብቻዬን እንዳልሆን እርስዎም ይምጡልኝ።» እሺ አልኳት። እንዲያውም ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ስለራሴ ትንሽ አወራሁላት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰውየው ሱቄ መጣ። ስሙ ጋሽ ወንድይራድ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ካፖርት የደረበ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ዕድሜውን ሁሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ኖሮ አሁን ጡረታ የወጣ። በጧት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጫጫ ላይ የተሳፈረበት መኪና ጎማ ፈንድቶበት እንኳ አልተነጫነጨም። ደረቱ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ትልቅ ቦርሳ አቅፏል። የአንኮበሩ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ለጓደኞቼ አልነገርኳቸውም» አለኝ በሹክሹክታ። «ቢሰሙ ይቀድሙኝ ነበር። መርፌዬንም ይዣለሁ።»

«ስኳር አለብዎት እንዴ?» አልኩት አዝኜ።

«የለም የለም፣ የማጫወቻውን መርፌ ነው የምልህ።» ቦርሳውን ከፈት አድርጎ አሳየኝ። ውስጡ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጫወቻ፣ ለስላሳ ጨርቆች፣ አራት ማዕዘን የወረቀት ኪሶች አሉ። «ሸክላ በእጅ ወዝ ይበላሻል። ሴትየዋ በየዋህነት ሣር ላይ ደርድረውታል፣ ለጌጥም ጭረውበታል። አንድ ሳምንት ቢቆይ ምን ሊያደርጉት እንደሚችሉ እግዜር ይወቅ። እንቅልፍ አጣሁ እኮ!»

እዚህ ላይ ገባኝ። በአማርኛ ሸክላ ሁለት ነው፤ አንዱ ከጭቃ የሚሠራው፣ ሌላው የድሮ ዘፈን ተቀርጾበት በመርፌ ሥር የሚዞረው ጥቁሩ ክብ ነገር። ይህን እኔ፣ ሃያ ዓመት በአማርኛ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። መሣሪያው ግን «ሸክላ» ስለው የዘፈኑን ወዳጆች ነበር የዘረዘረልኝ፤ ከሃምሳ በላይ የሆኑት እነዚያ ሁሉ ወንዶች ድስት ሊገዙ ሳይሆን የወጣትነታቸውን ዘፈን ሊያገኙ የሚቃትቱ ነበሩ። ይኸው አንዱ በጭጋግ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ባዶ የወረቀት ኪስ አቅፎ፣ ፈገግ ብሎ ወደ ድስት ይሄዳል።

ልነግረው ነበር። በእውነት ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ለአስካለ ምን እላታለሁ አልኩ። ከዚያ መኪናው ቆመ። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ መኪናው ይቆምለታል።

አስካለ ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ ደጅ ወጥታ ጠበቀችን። ግቢው ተጠርጓል፤ አርባውም ድስት ወጥቶ ሣር ላይ በሰልፍ ተቀምጧል፤ ቀይ ናቸው፣ ወገባቸው ጠበብ ሆዳቸው ሰፋ ያለ፣ በጣም የሚያምሩ። ጋሽ ወንድይራድ ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣት። ከዚያ በድስቶቹ መሐል በጥንቃቄ አልፎ ወደ ቤቱ በር ተመለከተ።

«ሸክላዎቹን ያሳዩኝ እስቲ እመቤቴ።»

«እነሆ!» አለች አስካለ።

«የት?»

«ኧረ እንዳይረግጧቸው!»

ሰውየው ወደ እግሩ አየ። ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ተራራው አየሁ። አስካለ ደግሞ ሁለታችንንም አየችና ፊቷ ቀስ በቀስ ሲጠወልግ አየሁት። እንባዋን ስታፈስስ ከማይ በዚያ ገደል ብገባ በወደድኩ። ተንተባትቤ ነገሩን ሁሉ ተናዘዝኩ፤ ቃሉን፣ መሣሪያውን፣ ድስት ማለት አሳፍሮኝ የተውኩትን።

«ከአዲስ አበባ ድረስ» አለ ጋሽ ወንድይራድ፣ «በዚህ ዕድሜዬ፣ ለድስት አመጣችሁኝ!»

«እኔ አልዋሸሁዎትም» አለች አስካለ። አልጮኸችም። «ድምፁን ጠየቁኝ፣ ድምፁን ነገርኩዎ። ይስሙትና ይሂዱ።» ጎንበስ ብላ አንዱን ድስት በግራ መዳፏ ላይ አስቀመጠችና በቀኝ ጣቷ ነካ አደረገችው።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ድስቱ ጮኸ፤ ጥርት ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ጫፉ ላይ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። ጋሽ ወንድይራድ ሊናገር የጀመረውን አቋረጠ። ራሱን ዘንበል አደረገ። ሁለተኛውን መታችለት። ሦስተኛውን። ሰውየው ሳያስበው ካፖርቱን ሰብስቦ ሣሩ ላይ ተንበረከከና አንዱን ራሱ አንሥቶ አንኳኳው። ሌላውን አንኳኳ። አራተኛው ላይ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ተሰንጥቋል» አለ።

«አልተሰነጠቀም!» አለች አስካለ ተቆጥታ።

«ተሰንጥቋል እመቤቴ። ከሥሩ አካባቢ ነው።»

ውሃ አምጥታ ሞላችበት። ሦስታችንም አፍጥጠን ጠበቅን። ከረጅም ጊዜ በኋላ ከሥሩ አንዲት ጠብታ ወጣች፤ ላብ የምታክል። አስካለ ሰውየውን እንደ አዲስ አየችው። እኔ ሁለት ባለሙያ ሲገናኙ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ዕለት አየሁ። ሣሩ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው አርባውን ድስት አንድ በአንድ ሲያንኳኩ፣ ሲያዳምጡ፣ ሲከራከሩ ዋሉ። እሷ ጭቃው ከየት እንደመጣ ከድምፁ ትለያለች፤ እሱ እሳቱ የት ላይ እንደሳሳ ይገምታል። ሦስት ስንጥቅ አገኙ። አስካለ ሦስቱንም አንሥታ፣ ድንጋይ ላይ መታ፣ ሰበረቻቸው። «ሰው ቤት ሄዶ ከሚያሳፍረኝ» አለች። ጋሽ ወንድይራድ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ ወደ ቤት ግቡ አለች። በራሷ ቤት ድስት ሽሮ ሠርታ ኖሯል፤ እየተንተከተከ አመጣችው። ጋሽ ወንድይራድ እጁን ታጥቦ፣ «አቤት ሽታው!» ብሎ ወዲያው ገባበት። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

«ይቅረቡ እንጂ ጋሽ ታደሰ።»

«እኔ እንኳ ጾም ነኝ» አልኩ።

«ማክሰኞ ነው፤ ጾምም አልገባም» አለች። «ደግሞስ ሽሮ ነው።»

እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚህ በላይ መደባበቅ ዋጋ የለውም። እኛ አገር ሸክላ የሚሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ባለ እጅ እንለዋለን። በድስቱ እናበስላለን፣ በማረሻው እናርሳለን፣ ቤቱ ገብተን ግን አንበላም። ዓይናቸው ይበላል ተብለን ነው ያደግነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሰው ላይ ክፉ የማትናገር ሴት ነበረች፤ ይህን ግን ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ታዲያ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። አላምንም፣ ግን ደግሞ አልበላም። የአስካለ ባል የሞተ ጊዜ እዚሁ ግቢ መጥቼ፣ ደጅ ቆሜ፣ «ነፍስ ይማር» ብዬ፣ ጾም ነኝ ብዬ ተመልሻለሁ። ሌላም ጊዜ መጥቻለሁ፤ ሌላም ጊዜ ጾሜአለሁ። መንግሥተ ሰማያት በአስካለ ቤት በጾምኩት የሚሰጥ ቢሆን ዛሬ ቦታዬ የተያዘ ነው።

ጭንቅ ሲለኝ ነገሩን በቀልድ ላልፈው ፈለግሁ። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል ነበር የምሰማው፤ ይሄ ግን ምን የመሰለ ድስት ነው!» አልኩ።

«ያንን የተረተው» አለች አስካለ እንጀራውን እያጠፈች፣ «እኛ ቤት ገብቶ በልቶ የማያውቅ ሰው ነው።»

ጋሽ ወንድይራድ፣ ምኑም ያልገባው ሰው፣ አፉን ሞልቶ «ኧረ ና ቁጭ በል፣ ይቀዘቅዛል!» አለኝ። ቁጭ አልኩ። እጄን ታጠብኩ። ጎረስኩ። ሽሮው ትኩስ ስለነበር ምላሴን አቃጠለኝ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። አስካለ ሁለተኛ ጉርሻ በራሷ እጅ አጉርሳኝ ወደ ጓዳ ገባች፤ ትንሽ ቆይታ ነው የወጣችው። «ይብሉ እንጂ እትዬ አስካለ፣ አብረን እንብላ» አልኳት። «እርስዎ» ስላት የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ እንዳልሰማች ሆነች፤ እኔ ግን መስማቷን አይቻለሁ።

ጋሽ ወንድይራድ ስድስት ድስት ገዝቶ ለዘፈን ሸክላ ባመጣቸው ለስላሳ ጨርቆች ጠቅልሎ ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ እሑድ እሑድ ተሰብስበው የድሮ ዘፈን የሚያዳምጡ ጓደኞች አሉት፤ ሁሉም ከሃምሳ በላይ ናቸው፣ ሁሉም ማስታወቂያዬን አይተው ኖሯል። አንዱን ድስት መሐላቸው አስቀምጦ አንኳኳላቸው። ከዚያ በድስቶቹ ሽሮ ሠራላቸው። ከመካከላቸው የአንዱ እህት የሽሮ ቤት ባለቤት ናት። በወሩ ሠላሳ ሰባቱም አልቀው ሌላ ታዘዘ፤ አስካለም ፋብሪካ መግባቱን ትታ ጭቃ ለመርገጥ የሚያግዟትን ሁለት የሰፈሯን ሴቶች ቀጠረች። ያ ሆቴል ደንበኛው ሽሮው ብረት ብረት ይላል ብሎ ስላስቸገረው ተመልሶ ቢደውልላት፣ «ተራ አለ፣ ይያዙ» አለችው።

ነገሩን ለባለቤቴ ነገርኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ስበላም ስተኛም በዓይኗ ስትመረምረኝ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን «ደህና ነህ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት። «ከሆነስ» አለች፣ «በሚቀጥለው ስትሄድ እኔም እመጣለሁ።» መጣችም። ሁለታችን ነን እንግዲህ እስካሁን፤ ሰፈሩ ገና እየጾመ ነው።

የእኔ ነገር ግን ባሰበት። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ፣ በርኖስና ብርድ ልብስ የሚሸጠው አቶ ሸዋንግዛው ሱቄ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ለአስካለ የተሳሳትክላትን ለእኔም ተሳሳትልኝ» አለ።

«ኧረ አቶ ሸዋንግዛው፣ ለእርስዎ በትክክል እሠራልዎታለሁ።»

«ትክክሉን ምን ላድርገው! ትክክሉን አምና ሠርተህልኝ አንድ ሰው አልመጣም። ስህተቱን ነው የምፈልገው።»

መሣሪያውን ከፈትኩ። «በርኖስ» አልኩት፤ የበርኖስ ወዳጆችን ዘረዘረ። «ብርድ ልብስ» አልኩት፤ ብርድ ልብስ የሚገዙ ሰዎችን ነገረኝ። «ሱፍ» ስለው ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ከሱፍ ልብስ ጋር የሱፍ ፍትፍት ወዳጆች መጡልኝ፤ አቶ ሸዋንግዛው ግን አይሆንም፣ ፍትፍት የሚወድ ሰው ልብሴን ዘይት በዘይት ያደርግብኛል አለ። ሰውየው እስካሁን በየሳምንቱ እየመጣ «ተሳሳትክልኝ?» ይለኛል፣ እኔም አልሆነልኝም እለዋለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም ሳይጠይቀኝ ስሳሳት ኖሬ፣ አሁን ሰው ፈልጎ ሲመጣ አንድ ስህተት ከየት ላምጣ?